ቁልፉን ማን ይወስዳል? የሲያትል ከተማ ምክር ቤት «የቀደመ አመልካች» ደንብ ሲመረመር

በሲያትል ከተማ ቤት የሚያከራይ ሰው እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ አምስት ማመልከቻ ተቀብሎ፣ አምስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ልቡ የወደደውን መምረጥ ይችል ነበር። ዘርን፣ ሃይማኖትን ወይም የትውልድ አገርን ምክንያት ማድረግ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ «ሌላኛው አመልካች የተሻለ መስሎኝ ነው» ያለን አከራይ በልቡ ያሰበውን ማረጋገጥ እጅግ ከባድ ነው። የከተማው ምክር ቤት ኦገስት 8 ቀን 2016 ባጸደቀው ደንብ ይህን ምርጫ ከአከራዩ እጅ ወስዶ ለጽሑፍ መስፈርትና ለሰዓት ሰጠው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ደንቡ በእንግሊዝኛ «ፈርስት ኢን ታይም» ተብሎ ይታወቃል። የተከራይ መምረጫው ክፍል ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ አከራዩ መስፈርቱን አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ማመልከቻዎችን በደረሱበት ቅደም ተከተል ያያል፣ መስፈርቱን ላሟላው የመጀመሪያ ሰው ቤቱን ያቀርባል። አሠራሩ ግን እንደ ሐሳቡ አጭር አይደለም። አብዛኛው ሰው «ቀድሞ የደረሰ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ፣ ሰዓቱ መቼ መቁጠር እንደሚጀምርና ማን ሊያስቆጥረው እንደሚችል ሳያውቅ ቤት ያመልጠዋል። በሲያትልና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምክር ቤቱ እዚህ ደንብ ላይ እንዴት ደረሰ

የሲያትል የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የተቋቋመው በ1963 ነው። ያኔ ጥቁር ቤተሰቦች በአብዛኛው በሴንትራል ዲስትሪክት ታጥረው ይኖሩ ነበር። በሌሎች ሰፈሮች የነበሩ የቤት ውሎች ለነጭ ካልሆነ በቀር መሸጥን የሚከለክል አንቀጽ ተጽፎባቸው ነበር፤ ባንኮችም ለእነርሱ ብድር አይሰጡም ነበር። በኪራይና በሽያጭ ላይ መድልዎን የሚከለክል ደንብ ሲረቀቅ፣ ምክር ቤቱ ራሱ ወስኖ ከማጽደቅ ይልቅ ለሕዝብ ድምፅ አሳለፈው። ማርች 10 ቀን 1964 በተሰጠው ድምፅ 115,627 ሰዎች ተቃወሙት፣ 54,448 ደገፉት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በአስራ አምስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1968፣ ምክር ቤቱ ደንቡን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ደንቡን ያቀረቡት የከተማዋ የመጀመሪያ ጥቁር የምክር ቤት አባል ሳም ስሚዝ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ምክር ቤቱ የአስቸኳይነት አንቀጽ ስለጨመረበት ጉዳዩ እንደገና ወደ ሕዝብ ድምፅ ሊወሰድ አልቻለም። ይህ አንድ አንቀጽ ለአናሳ ወገን የሚቆም መብት በብዙኃኑ ድምፅ እንዳይሻር ያደረገ በመሆኑ፣ ከዋናው ደንብ ያላነሰ ዋጋ እንሰጠዋለን።

ክልከላው ከወጣ በኋላም መድልዎው አልጠፋም፤ መልኩን ቀየረ። የከተማው የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት ይህን የሚፈትነው በጥንድ ነው። ገቢያቸውና ክሬዲታቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ በዘር ወይም በትውልድ አገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፈታኞች ወደ አንድ አከራይ ይላካሉ። ለአንዱ «ሁለት ክፍት ቤት አለን፣ ናና እይ» ሲባል ለሌላው «የለም» ይባላል፤ ወይም ለአንዱ የሚነገረው ቅናሽ ለሌላው አይነገርም፤ ወይም አንዱ የማይጠየቀውን የወንጀል መዝገብ ሌላው ይጠየቃል። ፊት ለፊት የሚሰድብ ሰው ስለሌለ፣ የተገፋው ሰው መገፋቱን እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል። ከንቲባ ኤድ መሪ በ2014 ያቋቋሙት የቤት አቅርቦት ኮሚቴ በ2015 ያቀረባቸው 65 ምክረ ሐሳቦችም ስለ ግንባታ ብቻ አልነበሩም፤ የተገነባውን ቤት ማን ያገኛል የሚለውንም ነክተዋል።

የ2016ቱ ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ሲመጣ ዋና ጉዳዩ የገቢ ምንጭ ነበር። የሴክሽን 8 ቫውቸር፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥት የኪራይ ድጎማ፣ ያለው ሰው ቀድሞም ጥበቃ ነበረው። ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከልጅ ቀለብ፣ ከአጭር ጊዜ የኪራይ ድጎማ ወይም ከሥራ አጥነት ክፍያ የሚገኝ ገቢ ያለው ግን ያለ ችግር ሊመለስ ይችል ነበር። ሌላም ነገር ተደርቦ ነበር፦ አንዳንድ አከራዮች ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሠራተኞች የኪራይ ወይም የዲፖዚት ቅናሽ ይሰጡ ነበር። በእነዚያ ኩባንያዎች ውስጥ ጥቁርና ስደተኛ ሠራተኛ ጥቂት ስለሆነ፣ ቅናሹ ዞሮ ዞሮ የዘር ልዩነት ያመጣል ተብሎ ተከለከለ። የቀደመ አመልካች የሚለውን ክፍል የጨመሩበት የሲቪል መብቶች ጉዳይን የያዘውን ኮሚቴ ይመሩ የነበሩት የምክር ቤት አባል ሊሳ ኸርቦልድ ናቸው።

በውይይቱ የተነሳው ጠንካራ ስጋት ከአከራዮች ብቻ የመጣ አልነበረም። ለተከራይ የሚቆሙ ሰዎችም ጭምር ይህን ጠይቀዋል፦ ውድድሩ የፍጥነት ከሆነ፣ መኪና ያለው፣ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ በሥራ ሰዓት ወጥቶ ቤት ማየት የሚችል፣ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው አይቀድምም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነበር። ምክር ቤቱ የሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከ18 ወር በኋላ የከተማው ኦዲተር ውጤቱን እንዲመረምር አዘዘ። ሁለተኛውና ለእኛ የሚበልጠው፣ ደንቡ ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ የመጠየቅ መብት አስገባ።

ሰዓቱ የሚቆጠረው እንዴት ነው

አከራዩ ማመልከቻ ከመቀበሉ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ወይም በሚታይ ቦታ ለጥፎ ማሳወቅ አለበት። የሚያጣራባቸውን መስፈርቶችና የእያንዳንዱን ዝቅተኛ ልክ፤ ማመልከቻው ሙሉ የሚባለው ምን ምን ወረቀት ሲያያዝ እንደሆነ፤ ተጨማሪ ጊዜ እንዴት እንደሚጠየቅና ይህም በማመልከቻው የመድረሻ ሰዓት ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ፤ ለቤቱ የሚሠራ ልዩ ሁኔታ ካለም እርሱን። «ጥሩ የኪራይ ታሪክ ያለው» ብሎ መጻፍ መስፈርት አይሆንም፤ ልክ የለውምና። «ባለፉት ሦስት ዓመታት በፍርድ ቤት ያልተባረረ» ሲባል ግን ልክ አለው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ የሆነ ማመልከቻ በፖስታ፣ በኢንተርኔት ወይም በእጅ በደረሰ ጊዜ ቀኑና ሰዓቱ ይመዘገብበታል። ማጣራቱ በዚያ ቅደም ተከተል ይሄዳል። አከራዩ አስቀድሞ ከዘረዘረው በላይ ተጨማሪ መረጃ ከፈለገ አመልካቹን አሳውቆ ቢያንስ 72 ሰዓት ይሰጠዋል፤ በጊዜው ካቀረበ የቀድሞ ተራውን አያጣም። መስፈርቱን ያሟላው የመጀመሪያ ሰው ቤቱ ሲቀርብለት ለመቀበል 48 ሰዓት አለው። ካልተቀበለ ተራው ወደ ቀጣዩ ያልፋል።

«ሙሉ» የምትለዋን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ማመልከቻ ከተላከበት ሳይሆን ሙሉ ሆኖ ከደረሰበት ነው። አንድ የደመወዝ ወረቀት የጎደለው ማመልከቻ ከሌሊቱ ጀምሮ ቢቀመጥም ከተራው ውጭ ነው። አብዛኛው ሰው ተራውን የሚያጣው በዚህ ነው፤ ክሬዲቱ ዝቅ ብሎ ወይም ገቢው አንሶ ሳይሆን የመታወቂያው ጀርባ ስላልተነሳ ወይም የአንዱ አዋቂ የቤተሰብ አባል ፎርም ስላልተሞላ። ስለዚህ መስፈርቱ የተጻፈበትን ወረቀት ቤቱን ከማየት በፊት መጠየቅና ወረቀቶቹን በስልክ ውስጥ በአንድ ፎልደር አዘጋጅቶ መሄድ ያዋጣል፦ የሁለት ወይም የሦስት ወር የደመወዝ ማስረጃ፣ የድጎማ ወይም የቫውቸር ደብዳቤ፣ የአዋቂዎች ሁሉ መታወቂያ፣ ያለፉ አከራዮች ስምና ስልክ።

ተጨማሪ ጊዜው የሚሠራው እንዲህ ነው። ደንቡ እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ሰው ትርጉም ወይም አስተርጓሚ እስኪያገኝ፣ አካል ጉዳተኛም ተገቢው ማመቻቸት እስኪደረግለት ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አከራዩ ጥያቄው የቀረበበትን ቀንና ሰዓት መመዝገብ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያትም ሊከለክል አይችልም። ማመልከቻው በተስማሙበት ጊዜ ሙሉ ሆኖ ከደረሰ፣ እንደደረሰ የሚቆጠረው ጥያቄው በቀረበበት ሰዓት ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ቅዳሜ ጠዋት በ4 ሰዓት አንድ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ለእይታ ክፍት ሆነ። አንዲት እናት ቤቱን አይታ ከጠዋቱ 4፡10 ላይ በስልኳ «አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ ማመልከቻውን የሚተረጉምልኝ ሰው እስከ ሰኞ ማታ ስለማገኝ ተጨማሪ ጊዜ እጠይቃለሁ» ብላ ለአከራዩ መልእክት ላከች፤ አከራዩም ተስማማ። 4፡25 ላይ ሌላ አመልካች ሙሉ ማመልከቻ በኢንተርኔት አስገባ። እናትየዋ ሰኞ ማታ ሙሉውን ካስገባች ተራዋ 4፡10 ላይ ነው፤ ከእርሱ ትቀድማለች። ማክሰኞ ጠዋት ብታስገባ ግን ሰዓቷ የማክሰኞው ይሆናል። መልእክቱ በቃል ሳይሆን ሰዓቱ በሚታይበት መንገድ፣ በቴክስት ወይም በኢሜይል መላክ ያለበትም ለዚህ ነው። አከራዩ ቅጹን የማስተርጎም ግዴታ የለበትም፤ ግዴታው ጊዜ መስጠትና ሰዓቱን መመዝገብ ነው።

የገቢ ስሌቱ

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚመለስበት ቦታ ሒሳቡ ነው። አከራዮች ብዙውን ጊዜ ገቢ የኪራዩ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ደንቡ ይህን አይከለክልም። የሚያዝዘው ድጎማው ከኪራዩ ላይ አስቀድሞ እንዲቀነስ ነው። ኪራዩ 1,800 ዶላር፣ ቫውቸሩ የሚከፍለው 1,200 ዶላር፣ መስፈርቱም ሁለት ተኩል እጥፍ ነው እንበል። በተሳሳተው ስሌት 1,800 በ2.5 ተባዝቶ 4,500 ዶላር ወርሃዊ ገቢ ይጠየቃል። በትክክለኛው ስሌት ከ1,800 ላይ 1,200 ተቀንሶ 600 ይቀራል፤ 600 በ2.5 ሲባዛ 1,500 ዶላር ነው። ጡረታ ላይ ላሉ አዛውንት ይህ ልዩነት ቤት ማግኘትና ማጣት ነው። የሚቆጠረውም የደመወዝ ገቢ ብቻ አይደለም፤ በማስረጃ የሚረጋገጥ ሕጋዊ ገቢ ሁሉ ይደመራል።

እዚያው ደንብ ውስጥ ብዙም ያልተወራለት ሌላ አንቀጽ አለ። የኪራይ ውዝፍ ያለበት ተከራይ፣ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያው ጊዜ ሳያልቅ አንድ ድርጅት ውዝፉን እንደሚከፍል በጽሑፍ ቃል ከገባለትና ክፍያው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ከደረሰ፣ አከራዩ መቀበል አለበት። ቃል የገባው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የማኅበረሰብ ድርጅት ሲሆን ደብዳቤው መጠኑን በግልጽ ይጻፍ፤ «እንረዳታለን» ብሎ መጻፍ አይበቃም።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ደንቡ የሚፈስባቸውን ቀዳዳዎች የምናውቃቸውን ያህል እንጥቀስ። ትልቁ ከማመልከቻ በፊት ያለው ነው። «ቤቱ ተይዟል» ተብሎ በስልክ የተመለሰ ሰው ተራ ውስጥ አልገባም፤ የአነጋገር ዘይቤው ብቻ ተሰምቶ ሊመለስ ይችላል። ይህን የሚይዘው የቀደመ አመልካች አንቀጽ ሳይሆን የጥንድ ፍተሻው ነው። ማስታወቂያው ገና ሳይወርድ «ተይዟል» ከተባለ፣ የማስታወቂያው ፎቶ ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ይነሳ፤ ፎቶው በኋላ ማስረጃ ነው።

ሌላው የሰዓት መዝገቡ በአከራዩ እጅ መሆኑ ነው። በኢንተርኔት ሥርዓት የገባ ማመልከቻ ሰዓቱን ራሱ ይይዛል። በወረቀት የተሰጠ ማመልከቻ ግን የደረሰበት ሰዓት የተጻፈበት ቅጂ ካልተወሰደበት፣ «ሌላው ቀድሞህ ነበር» ለሚል አከራይ መልስ የለውም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን መብቱን በሙሉ የምትሸከመው እርሷ ናት።

ከደንቡ ውጭ የሆኑ ቤቶችም አሉ። አከራዩ በዚያው ግቢ እየኖረ የሚያከራየው ተቀጥላ ቤት፣ በተለምዶ ጓሮ ቤት ወይም ምድር ቤት የምንለው፣ በቅደም ተከተሉ አይገደድም። ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚከራዩት እንዲህ ያለውን በመሆኑ ይህን ማወቅ ከከንቱ አቤቱታ ያድናል። ለተጎጂ ወገኖች፣ ለምሳሌ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሹ፣ ተብለው የተለዩ ቤቶችም ከተራው ውጭ ናቸው። በቀዳሚነት ብቻ ቢሰጡ ዓላማቸው ይጠፋ ነበርና ይህ ተገቢ ነው።

ፍርድ ቤቶቹ

ጥቂት ቤት ያላቸው አከራዮች በ2017 ደንቡን ከሰሱ። ክርክራቸው ተከራይን መምረጥ የንብረት መሠረታዊ መብት ስለሆነ መውሰዱ ያለ ካሳ ንብረት እንደ መውሰድ ነው የሚል ነበር፤ በማስታወቂያ ነፃነትም ተከራከሩ። በማርች 2018 የኪንግ ካውንቲ ዳኛ ፈረዱላቸውና ደንቡ ወደቀ። ኖቬምበር 14 ቀን 2019 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሻረው። አከራዩ መስፈርቱን ራሱ ያወጣል፣ ኪራዩን ራሱ ይተምናል፤ ደንቡ የሚወስድበት መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በስሜት መምረጥን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ማነጻጸር የሚገባው የእኅቱን ደንብ ዕጣ ነው። ምክር ቤቱ ኦገስት 14 ቀን 2017 አከራዮች የአመልካችን የወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቁም፣ በእርሱ ምክንያት እንዳይከለክሉም አገደ፤ ደንቡ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2018 ሥራ ጀመረ። የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2023 ለሁለት ከፈለው። በታሪኩ ምክንያት መከልከልን ማገዱ ቆመ፤ መጠየቅን ማገዱ ግን የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ተብሎ ወደቀ። ለደንብ አርቃቂ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ድርጊትን የሚከለክል አንቀጽ ከጥያቄን ከሚከለክል አንቀጽ የበለጠ ፍርድ ቤት ይቋቋማል። የቀደመ አመልካች ደንብ በአብዛኛው የተጻፈው በድርጊት ነው፤ መዝግብ፣ በተራ አጣራ፣ ለመጀመሪያው ስጥ።

ተራና የቤት ብዛት

አንድ ቤት ለሃያ ሰው ሲቀርብ፣ ተራው የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን አስራ ዘጠኙ ይመለሳሉ። ምክር ቤቱ ይህን ስለሚያውቅ በሌላ ረድፍ ሄዷል። በማርች 2019 «የከተማ መንደር» ተብለው ለዕድገት በተለዩ 27 ሰፈሮች የሚፈቀደውን የሕንፃ ከፍታ ጨምሮ፣ አልሚዎች በምትኩ እንደየቦታው ከ5 እስከ 11 በመቶ የሚሆኑ ቤቶችን በአነስተኛ ኪራይ እንዲሰጡ ወይም በካሬ ጫማ ተሰልቶ እንዲከፍሉ አስገደደ። መራጮች በኖቬምበር 2023 ለሰባት ዓመት የሚሰበሰብ 970 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአነስተኛ ኪራይ ቤቶች የሚውል የንብረት ግብር አጽድቀዋል።

በእንዲህ ያለ የሕዝብ ገንዘብ ድጋፍ ከተሠሩት አንዱ በሬኒየር አቬኑ ደቡብ የሚገኘው የኢትዮጵያ መንደር ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዛውንት የታሰቡ 90 አፓርታማዎች፣ ከሥራቸው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማዕከል። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት «ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው?» ብለው ነው። አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። በትውልድ አገር ለይቶ ማከራየት ከ1968 ጀምሮ የተከለከለው ያው ነገር ነው። የሚቻለው ሌላ ነው፦ ማስታወቂያውን በአማርኛ ማውጣት፣ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ መመደብ፣ ከሰፈሩ የተፈናቀሉ ነዋሪዎችን ቅድሚያ መስጠት። ይህ የሰፈር ቅድሚያ በኒው ዮርክ ከተማ ለረጅም ጊዜ ፍርድ ቤት ተጎትቶ ነበር። የከተማው ግማሽ ያህል ድጎማ ቤት ለሰፈሩ ነዋሪ መያዙ ያለውን የዘር አሰፋፈር ያጸናል ተብሎ ተከሶ፣ በ2024 በተደረገ ስምምነት ድርሻው ወደ 20 በመቶ፣ ቀጥሎም ወደ 15 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። መንደሩ ያለበትን ሬኒየር ቫሊን በመሰለ፣ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች በተቀላቀሉበት ሰፈር ግን ቅድሚያው የሚጠብቀው ተፈናቃዩን ስለሆነ ሲያትል የያዘችው መንገድ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

አቤቱታና ወሰኑ

ተራው የተዘለለበት ሰው አቤቱታውን ለከተማው የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ አስተርጓሚ በነፃ ይመደብለታል። ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ነው። ይዞ መሄድ ያለበት የማስታወቂያውን ፎቶ፣ አከራዩ ያወጣውን መስፈርት፣ ማመልከቻው የገባበትን ወይም ተጨማሪ ጊዜ የጠየቀበትን ሰዓት የሚያሳይ መልእክት፣ የእምቢታውን ደብዳቤ ነው። የግዛቱ ሕግ እምቢ ያለ አከራይ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ ደብዳቤው ካልተሰጠ መጠየቅ ነው፤ አለመስጠቱም ራሱ ጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሲያትል ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ኪራይ ሲወደድባቸው ወደ ታክዊላ፣ ሬንተን፣ ኬንትና ሲታክ ወጥተዋል፤ እዚያ የሲያትል ደንብ አይከተላቸውም። የፖስታ አድራሻው «ሲያትል» የሚል ቤትም ሁልጊዜ በከተማው ወሰን ውስጥ አይደለም። ስካይዌይ የፖስታ አድራሻዋ ሲያትል ቢልም ከከተማው ወሰን ውጭ ናት። ከከተማው ውጭ የሚቀረው በ2018 የወጣው የግዛቱ ሕግ ነው፤ አከራይ ቫውቸርን ወይም ሌላ ድጎማን ምክንያት አድርጎ እንዳይከለክል፣ ድጎማውንም ከኪራዩ ቀንሶ እንዲያሰላ ያስገድዳል። የኪራይ ስሌቱ ክርክር ኬንትም ውስጥ ይሠራል፤ የሰዓቱ ክርክር ግን አይሠራም።